የሸኚ መብራት

ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩት ሽማግሌ እጃቸው ከግራሶ ባይለይም ነጭ ቆባቸውን ጠብታ ነክቶት አያውቅም። ሾፌሩ ጣሰው ጎህ ሳይቀድ የሚነሳውን አውቶቡሱን ባመጣላቸው ቁጥር የፊቱን መብራት ትተው የውስጡን ያስቀድማሉ። ዛሬም ጆሯቸውን አስጠግተው መብራቱን የሚያበራው ሪሌ ጠቅ ማለቱን አዳመጡና የተቃጠለውን ሽቦ ጫፍ በጥርሳቸው ላጡት።

«አባ፣ መንገድ የሚያሳየኝ እኮ የፊቱ ነው» አላቸው ጣሰው እየሳቀ።

«ሸኚስ? ልጄን ለብሔራዊ ውትድርና የወሰደው አውቶቡስ ውስጡ ጨለማ ነበር። በየመስኮቱ እጅ ሲወዛወዝ የእሱን መለየት አቃተኝ።»

የጣሰው ሳቅ ከፊቱ ጠፋ። «ታዲያ እንዴት አደረጉ?»

ሽማግሌው ሽቦውን አጥብቀው ሲያስሩት አምፖሎቹ ቦግ አሉ።

«ለሁሉም አወዛወዝኩላቸዋ።»