ባና የለበሰው የጣሊያን ወይን

አባቴ መንዝ ውስጥ ላለችው አገራችን ለሞላሌ ሰው «ልጄ አዲስ አበባ ቢሮ ትሠራለች» እያሉ ስድስት ዓመት ኖሩ። ቢሮ የለኝም። ሆቴል ውስጥ ወይን ጠጅ አስመርጣለሁ፣ እከፍታለሁ፣ እቀዳለሁ። የትኛው ወይን ከየትኛው ምግብ ጋር እንደሚስማማ አውቃለሁ፤ በዚህ የሚበልጠኝ ሰው ብዙ አይደለም። መሪጌታ ለሆኑት አባቴ ግን መጠጥ የምትቀዳ ሴት ልጅ ማለት የመሸታ ቤት ቀጂ ናት። አምና ለፋሲካ ስሄድ ቆርጬ ነበር፤ ሥራዬን በዓይናቸው አሳያቸዋለሁ፣ ስሙንም ከአፋቸው እሰማለሁ።

ይዤ የሄድኩት ጠንከር ያለ የጣሊያን ቀይ ወይን ነው። ከሦስት ዓይነት የወይን ፍሬ ተቀላቅሎ የተሠራ፣ ጥቁር ለመሆን ትንሽ የቀረው። እንዲህ ያለው ወይን ከበረደው ጣዕሙ ይደበቅና ምሬቱ ብቻ ይቀራል። በመንዝ ብርድ ደግሞ ፍሪጅ የሚሸጥ ሰው አይከብርም። ስለዚህ ጠርሙሱን በእናቴ የሱፍ ባና ጠቅልዬ፣ ከልክ በላይም እንዳይሞቅ ከምድጃው ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት።

«ታሟል እንዴ?» አሉ አባቴ።

«በርዶት ነው» አልኳቸው። ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉት።

ቀትር ላይ የንስሐ አባታችን መጡ። እናቴ ዶሮ ወጡንና በጨው ብቻ የተጠበሰውን የበግ ጎድን አቀረበች፤ እኔም ጠርሙሱን ከፈትኩ። እንደ ሆቴሉ ልማድ ጥቂት ቀዳሁና አስቀድሜ ለእንግዳው ሰጠሁ። እዚያ እንግዳው ቀምሶ «ይሁን» ሲል ነው ለሌላው የሚቀዳው። አባ ብርጭቆውን ተቀበሉ፣ ሳይነኩትም አጠገባቸው አኖሩት። አባቴ አንገታቸውን ደፉ።

ያኔ ገባኝ። እኛ አገር ቀጂ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ራሱ ሳይቀምስ ለሰው አይሰጥም። ያልቀመሱትን ለትልቅ ሰው ማቅረብ «መርዝ ከሆነ እርስዎ ይቅደሙ» እንደ ማለት ነው። ይህን ጠላ መቅዳት ከጀመርኩበት ዕድሜ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው። በጣም አፈርኩ። ግን ከቦታዬ ንቅንቅ አላልኩም።

«ይቅር ይበሉኝ አባ፤ የከተማ ልማድ ቀድሞኝ ነው» ብዬ በመዳፌ ጠብ አድርጌ ጠጣሁ። ከዚያ በብርጭቆ ቀዳሁና እንደ ሥራዬ አደረግኩ። አሸተትኩ፣ በአፌ አዟዟርኩ፣ ዋጥኩ።

«ብርዱ ለቆታል» አልኩ። «እንደ ጌሾ አፍ ይይዛል፤ ስለዚህ ጮማ ይወዳል። ከዶሮ ወጡ ጋር አይጠጡት፣ ከበርበሬው ጋር ይጣላል። ከበጉ ጎድን ይጉረሱና ይጎንጩበት።»

«ሁለት ወር ሙሉ የጠበቅነውን ዶሮ ልታስቀሪብኝ ነው?» አለች እናቴ።

አባ ጮማውን ጎረሱና ተጎነጩ። ቀጥለው ሆን ብለው ዶሮ ወጡን አጥቅሰው ጎረሱና ደገሙበት። ፊታቸው ተኮሳተረ።

«እውነትሽን ነው፣ ተጣሉ» ብለው ወደ ጎድኑ ተመለሱ። «ይህን ማን አስተማረሽ?»

«ሥራዬ ነው፣ አባ። ቢሮ የለኝም፤ ወይን እቀዳለሁ።»

አባቴን አየኋቸው። ብርጭቋቸውን ለሁለተኛ ጊዜ ዘረጉልኝ። ደስ አለኝ፣ አልበቃኝም እንጂ። እኔ የፈለግሁት ቃላቸውን ነበር።

ስመለስ አባቴ አውቶቡሱ ድረስ ሸኙኝ። አንድ ጎረቤታችን አግኝቶን ሰላም ካለን በኋላ «ቢሮ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አፌን ሳልከፍት አባቴ ቀደሙኝ።

«ቢሮ አይደለም» አሉ። «ወይን አሳላፊ ናት። ድሮ ንጉሥ ለዚህ ሥራ የሚሾመው የሚያምነውን ሰው ነበር።»

አባቴ ቦርሳዬን ወደ አውቶቡሱ አቀበሉልኝና ዞር ብለው ጨመሩለት።

«ደግሞ ራሷ ሳትቀምስ ለሰው አትሰጥም።»

በስድስት ዓመት ውስጥ ስለ ሥራዬ የተናገሩት የመጨረሻው ውሸት ይህ ነው፤ እሱንም ለእኔ ብለው ነው የዋሹት።