ብላ ባይ

መምህር ጦና በ1999 ዓ.ም. በቦዲቲ መንገድ ከሞተር ሳይክል ወድቀው ጭንቅላታቸውን ከተመቱ ወዲህ፣ ሚስታቸው አሳየሽ ገበያ እንኳ የምትሄደው በሩጫ ነው። ሰውዬው ይናገራሉ፤ የሒሳብ ጥያቄ ቢሰጧቸውም ይፈታሉ። ግን ካልታዘዙ ምንም አይጀምሩም። አንድ ቀን ዝናብ እየወረደባቸው ጓሮ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

ጎረቤት መቼም ሐኪም ከመሆን አይቦዝንም፤ ገሚሱ ስንፍና ነው አለ፣ ገሚሱ ዓይነ ጥላ። እውነተኛው ሐኪም ግን ለአሳየሽ በግልጽ ነገራት፤ አንጎላቸው ውስጥ ፍላጎትን ወደ ሥራ የሚያሻግረው ቦታ ተጎድቷል። ረሃቡ ይሰማቸዋል፣ አያስነሳቸውም። ከውጭ የሚያዛቸው ሰው ያስፈልጋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተነስ፣ ታጠብ፣ ብላ ስትል ትውላለች።

በጥቅምት በበዴሳ ከተማ ያሉት እናቷ በጠና ታመሙ። አለመሄድ አይቻል፣ ትቶ መሄድም አይቻል። በመጨረሻ ለጎረቤቷ ለቦሼ አደራ ሰጠቻት። ምግብ ማቅረብ ብቻ አይበቃም፣ ይብሉ ብለሽ እዘዣቸው አለቻት። ቦሼም እሺ አለች።

አሳየሽ አንዲት ሌሊት እናቷ ዘንድ አድራ፣ የእናቷን እጅ ይዛ የባሏን አፍ ስታስብ ቆይታ፣ በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተመለሰች።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን የተቀቀለ የቦዬ ሥር ከነበርበሬ ዳጣው ደርቋል። ውሃውም እንደተቀዳ ነው። መምህር ጦና ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል።

“አልራበህም?” አለቻቸው።

“በጣም ርቦኛል።”

“ታዲያ ለምን አልበላህም?”

ሳህኑን አይተው እሷን አዩ። “እንጃ” አሉ።

ቦሼ በሩ ላይ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ለካ ምግቡን ባቀረበች ቁጥር “ምግብ ቀርቧል፣ ጋሼ” ብቻ ብላ በአክብሮት ትወጣ ነበር።

“እኔ እሳቸውን ልዘዝ? ሒሳብ ያስተማሩኝ እኮ ናቸው።”

አሳየሽ ልትቆጣ ነበር፤ ፍርሃት ቀደማት። እሷ ብትሞት ይህ ሰው ሙሉ ሳህን ፊት፣ ከነክብሩ፣ በረሃብ ያልቃል። የቦሼን ክንድ ይዛ ወደ ጠረጴዛው አስጠጋቻት።

“በይ፣ እኔ እያየሁ እዘዣቸው።”

ቦሼ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። “ይብሉ” አለች።

መምህር ጦና ወዲያው እጃቸውን ሰደዱ። ቦዬው ደርቆ ጉሮሯቸው ላይ ሲያንቃቸው አሳየሽ አፏን ከፈተች፤ ግን ቦሼ ቀደመቻት።

“ውሃም ይጠጡ” አለች እያለቀሰች።