ሙሽራው አፉን እንደከፈተ ቀረ

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ... ለእናንተ ያልነገርኩ ለማን ልነግር ነው፣ በጎረቤቴ ልጅ ኒካህ ላይ ያለጊዜው እልል ብዬ ተዋረድኩላችሁ።

ሙሽራይቱ ካሚያ እዚሁ ሞያሌ፣ በኬንያው ወገን ናት። ሙሽራው ጆሃንስበርግ። ኒካሁ በቪዲዮ ሊታሰር ሼኩ ስልኩን ከፊታቸው አቁመዋል፤ እኛ ሴቶች ከመጋረጃው ጀርባ ጆሯችንን አቁመናል። ወደ ሙሽራው እንድትበር ናይሮቢ የሚያደርሳት መኪና በር ላይ ነው። ኒካህ ሳይታሰርላት ግን አባቷ ከደጅ አያስወጧትም።

ሼኩ «ተቀብለሃል?» ብለው ሙሽራውን ጠየቁት። ጸጥ አለ... እኔ ጉደኛዋ አለቀ ብዬ ለቀቅኩት። «እልልልል!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዝም በይ! ልጁ አፉን እንደከፈተ ደርቋል!» አሉ አባቷ ከወዲያ።

ለካስ ኢንተርኔቱ ሄዷል።

«በተራ ስልክ ይደወልለታ!» አለች እናቷ ዳኪ።

«ፊቱን ሳላይ አላስርም» አሉ ሼኩ። «ማንም ተነስቶ ተቀብያለሁ ቢለኝስ?»

ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፣ ነፋ... ጥሏት ሄደ። ካሚያ ሂና በሞላው እጇ ፊቷን ሸፈነች።

በማግስቱ ወንድሟ ከናይሮቢ ደወለ። የሚሠራው ኢንተርኔት ከሚያቀርብ ድርጅት ነው። እሱ እንዳለው፣ ባሕር ማዶ ያሉ ተመራማሪዎች የኢንተርኔትን መንገድ እናጥና ብለው ያልተለመደ መልእክት ለቀቁ፤ የእኛን መስመር የሚያገናኘው መሣሪያ ያን ሲያገኝ ግራ ገብቶት ተዘጋ።

«ሙከራው ልክ ነበር፣ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው ብለዋል። አስቀድመውም አሳውቀዋል።»

«ለማን?» አለች ዳኪ።

«ለባለሙያዎች... በኢሜይል። ‹ፖሌ ሳና› ብለው ይቅርታም ጠይቀዋል።»

«ይቅርታቸውን ይብሉት!»

የሰው በር ገንጥሎ ሲያበቃ «ጥንካሬውን እየፈተሽኩ ነበር፣ ማጠፊያዎ ደካማ ነው» የሚል ጎረቤት አጋጥሟችሁ ያውቃል? እነዚህ ሊቃውንት እንደ እሱ ናቸው። ካሚያን አያውቋትም፣ ሊያውቋትም አላሰቡ። ሻንጣዋ እንደታሰረ አልጋዋ ሥር ነው... አግብታ ይሁን ሳታገባ እሷም አታውቀው።

ይባስ ብሎ ሙሽራው ከሥራ ፈቃድ የሚያገኘው ሐሙስ ብቻ ስለሆነ፣ ኒካሁ ለመጪው ሐሙስ ተቀጠረ። ወንድሟ ይህን ሲሰማ መልሶ ደወለ።

«እማ... ቀን ቀይሩ። ሙከራውን የሚደግሙት ሐሙስ ነው።»

«እነሱ ይቀይሩ!» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

እኔም ሐሙስ ከመጋረጃው ጀርባ ቦታዬን እይዛለሁ፤ የሆነውን መጥቼ እነግራችኋለሁ። ድምፄ ከጠፋ ግን... ሊቃውንቱ እየተመራመሩ ነው።