የአባቱ አካሄድ

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ «ጥገኝነት እጠይቃለሁ» ባልኩ ዕለት እጄን በካቴና አስረው ወደ አንድ እስር ቤት ወሰዱኝ። በመንገድ ላይ ያየሁት ግራንድ ፕሬሪ የምትባል ከተማ መጋዘኖችን ብቻ ነው። ክፍሉ ነጭ ነው፤ መብራቱ አይጠፋም፤ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ያገሬን እስር ቤት ስለማውቅ፣ ሰው በሰው ላይ የማይተኛበት ክፍል ቅንጦት መስሎኝ ነበር።

ታችኛው አልጋ ላይ ስድሳ ዓመት የሚጠጋው ሰውዬ ካልሲ እጁ ላይ አጥልቆ በስፓኒሽ ያናግረዋል። በዚያው ቋንቋ ሰላም አልኩት። አባቴ በጦርነት ስለሞተ በልጅነቴ ኩባ ተልኬ ነው የተማርኩት። ሰውዬው ካልሲውን ወደ እኔ አዞረና «ይኼ ደግሞ ከየት መጣ?» አሰኘው።

ኩባዊ ኮሜዲያን ነበር። አገሩ ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ድምፅና አካሄድ እያስመሰለ ኖሯል። አንድ ባለሥልጣን ሲራመድ ያስመሰለ ዕለት ግን መድረክ ተከለከለና የቲያትር ቤቱን ወንበር ቀለም እንዲቀባ ተመደበ። በጀልባ አምልጦ መጣ፤ እዚሁ አቅራቢያ ኧርቪንግ ከተማ ውስጥ በየምግብ ቤቱና በየሠርጉ መቀለድ ጀመረ።

«እዚያ ስለ ትልቁ ሰውዬ እንዳትቀልድ አሉኝ። እዚህ ደግሞ የተሰደዱት ያገሬ ሰዎች ስለ እሱ ካልቀለድክ ብለው ወጥረው ያዙኝ» አለኝ። «እኔ መቀለድ የምፈልገው ስለ እናቴ ዶሮ ነበር።»

አንድ ቀን ጠጥቶ ተደባደበ፤ በዚያው ታሰረ።

እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ በጋራው ክፍል ያዝናናን ነበር። አንዱን እሁድ አልረሳውም፤ ማክሰኞ ዳኛ ፊት ልቀርብ ቀጠሮ ነበረኝ። ኮሜዲያኑ አንዱን ጠባቂ አስመሰለ፤ ቁልፉ እንዳይንኳኳ በመዳፉ ጨብጦ፣ ሆዱን አስቀድሞ፣ ድመት እንዳይቀሰቅስ የፈራ ይመስል እየተራመደ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔም እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ለካ ጠባቂው በሩ ላይ ቆሟል።

አልተቆጣም። ወደ እኔ መጣና በትሕትና «ስፓኒሽ ትችላለህ አይደል? እባክህ ጠይቅልኝ፤ ማንን ነው የሚያስመስለው?» አለኝ።

ጠየቅሁት።

«የአባቴ አካሄድ ነው በለው» አለኝ ሳያቅማማ።

የምለውን አዘጋጅቶ ሰጥቶኛል። እኔ ግን የማክሰኞው ቀጠሮ ታየኝ። ዋሽቷል ተብሎ ፋይሌ ላይ ቢጻፍስ?

«አንተን ነው» አልኩት ጠባቂውን።

ኮሜዲያኑን ለብቻ ወደሚታሰሩበት ክፍል ወሰዱት። ሲወጣ ዞሮም አላየኝም። አገሬ ላይ በምርጫው ሰሞን ታስሬ፣ ውስጥ እግሬን ተገርፌ፣ የአንድም ጓደኛዬን ስም አልሰጠሁም። እዚህ ማንም ጫፌን አልነካኝም፤ «እባክህ» ነው የተባልኩት። አፈርኩ። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ማክሰኞ ዳኛዋ ጥገኝነቱን ፈቀደችልኝ። ከሰዓት በኋላ ዕቃዬን ላስቲክ ውስጥ ስከት ያው ጠባቂ ኮሜዲያኑን መልሶ አመጣው። ፊቱ ገርጥቷል፤ ጢሙ አቆጥቁጧል። ከበሩ እስከ አልጋው ድረስ ባዶ መዳፉን ጨብጦ፣ ሆዱን አስቀድሞ፣ በጠባቂው አካሄድ ሄደ። የሳቀ የለም። አልጋው ላይ ተቀመጠና አየኝ።

«ንገረው» አለኝ።

«የአባቱ አካሄድ ነው፣ ጌታዬ» አልኩት ጠባቂውን።

ጠባቂው ሁለታችንንም አየንና ወጣ። ኮሜዲያኑ ከምሳው ያስቀረውን ብርቱካን ልጦ ግማሹን ሰጠኝ። እኔም ይቅርታ ሳልጠይቀው ተቀበልኩት።

ይህን ያጫወትኩት ሰው ሁሉ «ጎሽ» ይለኛል። ግን ጥገኝነቴ ተፈቅዶልኝ፣ መውጫዬ ደርሶ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ።

አሁን እዚሁ ኧርቪንግ ሰው ከሆቴል ወደ ኤርፖርት አመላልሳለሁ። ባለፈው ቤተ ክርስቲያን ደጅ አንድ ጎረምሳ ያዘኝ።

«ጋሼ፣ ስፓኒሽ ይችላሉ አሉኝ። ሶ፣ አብሮኝ የሚሠራ ሰው የኢሚግሬሽን አፖይንትመንት አለው፤ ማለቴ፣ ኢንተርፕሬት ያደርጉለታል?»

«ረስቼዋለሁ ልጄ» አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ።

አልረሳሁትም። ተሳፋሪዎቼን አውርጄ ባዶ መኪና ስመልስ ያ እሁድ ይመጣብኛል። ያኔ መሪውን ጨብጬ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «የአባቱ አካሄድ ነው» እላለሁ።