ሹመት የለመኑልኝ ጎረቤቴ

ከጉለሌ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ጎረቤቴ ጋሽ ወልዴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ትዝ ይሉኛል። በጣሊያን ጊዜ መንገዱ ሲሠራ እዚያ ድንጋይ ፈላጭ ነበርኩ። የፈላጮች አለቃ፣ ካቦ ልሁን ብዬ ሥራውን የሚመራውን ጣሊያን ብጠይቀው ስቆ አባረረኝ።

ጋሽ ወልዴ ሲሰሙ ተቆጡ። «ሰው በገዛ አፉ ሹመት ይለምናል? እንደ ሚስት ሽማግሌ ይላካል እንጂ!»

እሳቸውኑ ላክኋቸው። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው የጣሊያኑ ድንኳን ደጃፍ ቆሙ። ወንበር ቢቀርብላቸው በአስተርጓሚው በኩል «ጉዳዬ ሳይፈጸም አልቀመጥም» አሉ። ጣሊያኑ ከእግር እስከ ራሳቸው ሲያያቸው እኔ ከሩቅ ሆኜ ስለት ተሳልኩ።

በማግስቱ ድንጋይ ስፈልጥ ከዘራ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። አዲሱ ካቦ ጋሽ ወልዴ ነበሩ።

«ልለምንልህ ሄጄ ተለመንኩ፣ ልጄ፤ እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው። በል ፍለጥ!»