የእርሳሷ ቁራጭ የወጣችበት ፍራሽ

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ሚስቴ ሳትሰማው አረጀች። አብረውኝ የሚጸልዩ ሰዎች «የከበደህ ነገር ካለ ተናገር» ሲሉኝ ሌላ ትንንሽ ኃጢአት እየፈለግሁ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ቁጡ ነኝ፣ ሰው አማለሁ፣ እያልኩ። እነሱም አሜን ብለው ጸልየውልኛል። እኛ ወንጌላውያን ዘንድ የንስሐ አባት የሚባል የለም። ስለዚህ አንተ አንባቢዬ ሳትጠየቅ ተሹመሃልና ቁጭ በልና ስማኝ።

እንደ ያዝኩት ልሞት ነበር። የቀሰቀሰችው ልጄ ናት። ለመሥሪያ ቤቷ ሥራ ገጠር ወጥታ ድንኳን ውስጥ ልታድር ነውና የሁለት የሚነፉ ፍራሾች ፎቶ በስልክ ላከችልኝ። አንዱ ወፍራም ነው፣ አንዱ ቀጭን። ቆይታ ደወለችና «አባዬ፣ የትኛው ይሞቃል?» አለችኝ። «ቀጭኑ» አልኳት፣ ጥያቄዋን ሳትጨርስ። «አንተ ደግሞ እንዴት አወቅህ?» ብላ ሳቀች። ስልኩን ዘጋሁባት። ኔትወርክ መስሏት ይሆናል።

እንዴት እንዳወቅሁ እነግርሃለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። ሆሳዕና ውስጥ በአንድ የውሃ ሥራ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። መስክ የሚወጣ ሰው ሲጎድል ደግሞ ሜትር እየያዝኩ እወጣለሁ። ምንጭ የሚያጠኑልን ጋሽ ኤርጃቦ ነበሩ፤ እዚያው ሆሳዕና አጠገብ ካለው ከሌሞ የመጡ የገበሬ ልጅ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። ስለ እምነታቸው ታስረው ስምንት ወር ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተኝተዋል። ሲፈቱ ሥራቸውን መለሱላቸው፤ ደረታቸውን ግን የሚመልስላቸው አልነበረም። ቤተ ክርስቲያናችን ስለታሸገ ሰዎች በየቤቱ በር ዘግተው ሲሰበሰቡ መዝሙር የሚመሩት እሳቸው ነበሩ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ በለሆሳስ። ከሁለት መዝሙር በኋላ ግድግዳ ይዘው ያርፋሉ።

አንድ ኅዳር ላይ ከአንጋጫ በላይ ባለው የከምባታ ደጋ ምንጭ ለማጥናት አሥር ቀን ድንኳን ውስጥ እንድናድር ታዘዝን፤ ጋሽ ኤርጃቦና እኔ። ሾፌራችን ጋሽ ከድር አድርሶን ይመለሳል። ይህን የሰሙት የጋሽ ኤርጃቦ ባለቤት እትዬ አየለች ቢሮዬ ድረስ መጡ። ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ደሳለኝ፣ ጋሼህን የሚገድላቸው ከሥር የሚመጣ ብርድ ነው። እሳቸው አይናገሩም። የሚሞቅ፣ የሚመች መኝታ አንተ ምረጥላቸው» አሉኝ።

«በእኔ ይጣሉት» አልኳቸው። በእኔ ይጣሉት! ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

መረጥኩም። አገር ለቀው የሄዱ ፈረንጆች የተዉት ሁለት የሚነፉ ፍራሾች መጋዘናችን ውስጥ ነበሩ። ቅዳሜ ከሰዓት መጋዘኑን ከውስጥ ቆልፌ ሁለቱንም ሲሚንቶው ላይ ዘረጋሁ። ሰማያዊውና ወፍራሙ በአፍ የሚነፋ ነው። ነፍቼ ነፍቼ ዓይኔ ጭጋግ እስኪሆንብኝ ድረስ ነፋሁትና ወጣሁበት። የባለሥልጣን አልጋ ነው የሚመስለው። ብቻዬን ሳቅሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ወገቤ ሥር የቀዘቀዘ ውሃ ያለ መሰለኝ። ውስጡ አየር ብቻ ነው፤ አየሩም ሲሚንቶውን መስሏል። ጆንያ አጥፌ ከላዩ ሳነጥፍበት ሞቀኝ። ይህችን ጆንያ ያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ። አረንጓዴው ቀጭን ነው፣ ለዓይን የማይሞላ። አፉን ስትከፍትለት ግን ራሱ አየር እየሳበ ያብጣል፤ ሆዱ ውስጥ ስፖንጅ አለው። ተኛሁበትና እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ መሽቶ ነበር፤ አልበረደኝም።

ሰኞ «ጋሼ፣ የሚሞቀውን ለእርስዎ መርጫለሁ» አልኳቸው።

«አንተስ በምን ትተኛለህ?»

«በሌላው።»

«ብርዱ አንተን አያውቅህም? አይሆንም። የትኛው እንደሆነ እንዳትነግረኝ። ዕጣ ይጣል» አሉ።

ልብ በልልኝ፣ ደስ አለኝ። ሁለቱን ፍራሾች ጠቅልዬ አንድ ዓይነት ካኪ ከረጢት ውስጥ ከተትኳቸው። ዕጣው እንደ ቅርጫ ሥጋ ነበር፤ እያንዳንዳችን አንዳንድ ነገር እንሰጣለን፣ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በየመደቡ ላይ ያስቀምጠዋል። ጋሽ ኤርጃቦ ከጆሯቸው ላይ የእርሳስ ቁራጫቸውን አነሱ፤ እኔ የካፖርቴን ቁልፍ ቆረጥኩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው አጭር ጸሎት አደረጉ፤ «አንተ የሰጠኸንን በደስታ እንቀበላለን» ብለው። ጋሽ ከድርን ጠራነው። አንዷን እዚህ፣ አንዷን እዚያ አደረገና «ወጣ!» ብሎ ወደ መኪናው ሮጠ፤ ሞተሩ አልጠፋም ነበር። ጋሽ ኤርጃቦ ሊሸኟቸው የመጡትን እትዬ አየለችን ሊሰናበቱ አስቀድመው ወደ በሩ ወጥተው ነበር።

እኔ ከረጢቶቹን አየሁ። አረንጓዴው ያለበት ጥጉ ላይ የተጣፈው ነው፤ ያሸግሁት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። እርሳሷ የተጣፈው ላይ ነበረች። ዕጣው ለእሳቸው ወጥቶ ነበር! ያለ እኔ ምርጫ፣ ያለ እትዬ አየለች ልመና፣ የሚሞቀው ለእሳቸው ደርሶ ነበር። እርሳሷን አነሳሁና ሰማያዊው ላይ አኖርኳት። ቁልፌን አረንጓዴው ላይ አደረግሁ። ሌላ ምንም አላደረግሁም። ከዚያ «ጋሼ፣ ወጥቷል!» ብዬ ተጣራሁ።

ለምን? ብዙ ዓመት መልስ ስፈልግ ኖሬያለሁ። ሰው አላስገደደኝም፣ አልታመምኩም፣ ጠላቴም አልነበሩም፤ እንዲያውም እወዳቸው ነበር። ብርድ ፈራሁ። የአሥር ቀን ብርድ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ብታገኝልኝ እንኳ አልቀበልህም።

ደጋው ላይ ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይነጋል። ሲመሽ የእኔ ፍራሽ ራሱን ይነፋል። የእሳቸውን ለመንፋት ያ ደረት ሲታገል ማየት አልቻልኩምና «እኔ ልንፋልዎት» አልኩ። በየቀኑ ነፋሁ። «ተባረክ ልጄ» ይሉኛል። «አሜን» እላለሁ። በሦስተኛው ቀን ሳል ጀመራቸው። ጠዋት ፀሐይ እስኪወጣ ከድንኳኑ ውጭ ቆመው ይጠብቃሉ፤ እኔ ከውስጥ ሳላቸውን እየቆጠርኩ የተኛሁ እመስላለሁ።

ሳሉን የሰማ አንድ የመንደሩ ሽማግሌ በአራተኛው ቀን አንድ ሸክም ደረቅ የእንሰት ቅጠል ይዞ መጣ። እዚያ አገር ሰው በምን እንደሚሞቅ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ቅጠሉን አንጥፎ፣ ላዩ ላይ ተኝቶ ነው ያደገው። ግን የፈረንጅ ፍራሽ ሲያይ ተደናገረ። ጋሽ ኤርጃቦም ተደናገሩ። እንዲህ ባለ ዕቃ ላይ ቅጠል ማን ያነጥፋል? ነውር መሰላቸው። ቅጠሉን ከፍራሹ ሥር ጎዘጎዙትና ፍራሹን ከላይ አስቀመጡት። ሰውየው አልጋውን በእጁ ዳሰሰና «አሁን የንጉሥ ነው» አለ።

ጆንያዋን ታስታውሳታለህ? መጋዘን ውስጥ ከላይ ሳነጥፋት ነበር የሞቀኝ። ከሥር ከሆነ ያ ቀዝቃዛ አየር በቅጠሉና በገላቸው መካከል እንደሚቀር አውቃለሁ። «ከላይ አድርጉት» ማለት ሁለት ቃል ነው። እንዴት አወቅህ ቢሉኝስ? ተኝተህ ሞክረኸዋል ማለት ነው፤ ሞክረህ ያሸግኸውም አንተ ከሆንክ የሚሞቀው በየትኛው ከረጢት እንዳለ ዕጣው ሲወጣ ታውቅ ነበር፤ ታውቅ ከነበረ... እንዲህ እያልኩ ሳስብ ቅጠሉ ተጎዝጉዞ አለቀ። ሁለተኛው በደሌ ይህ ነው፣ ምናልባትም የባሰው። የመጀመሪያውን ሳላስብ አደረግሁት ልል እችላለሁ። ይህን ግን አስቤበት ነው ዝም ያልኩት።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት አላስችል አለኝ። «ጋሼ፣ እባክዎ እንለዋወጥ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። «ዕጣ ይጣል ያልኩት እኔ ነኝ፣ የጸለይኩትም እኔ ነኝ። ጠይቄ የሰጠኝን ብርድ ነው ብዬ ልመልስ?» አሉ።

ብርዱን ከእግዚአብሔር እጅ ነበር የተቀበሉት። ከእኔ እጅ እንደሆነ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። አፌን መክፈቴን ዛሬም አስታውሳለሁ። «ውሃ ላሙቅልዎት» አልኩና ወጣሁ።

በስምንተኛው ቀን ጋሽ ከድር ስንቅ ይዞ ሲመጣ ቀጥ ብለው መቆም አቅቷቸው ነበር። እቅፍ አድርገን መኪና ላይ አወጣናቸውና ሆሳዕና ሐኪም ቤት ገቡ። የሳንባ ምች ነው ተባለ። በማግስቱ ልጠይቃቸው ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ «ዛሬ እነግራቸዋለሁ» እያልኩ ነው የሄድኩት። እትዬ አየለች ሾርባ ሊያመጡ ወጥተው ነበር። ጋሽ ኤርጃቦ እጄን ያዙና ወደ ፊታቸው ሳቡኝ።

«ደሳለኝ፣ አንድ ነገር ከብዶኛል» አሉ፣ በየቃሉ መሃል እያረፉ። «ተራራው ላይ አንተ ሞቆህ ስትተኛ ቀናሁብህ። ጌታ ሆይ፣ ያንን ለምን ለእሱ ሰጠህ፣ የእኔን ደረት እያወቅህ፣ ብዬ በዕጣው አጉረመረምኩ። አንተ በየቀኑ ትንፋሽህን እየሰጠኸኝ፣ እኔ በልቤ ጠላሁህ። ይቅር በለኝ።»

አሁን በል። አሁን ካልተናገርክ መቼ? ፊታቸው ፊቴ ላይ ነው፣ በሩ ዝግ ነው፣ ሰው የለም። ከዚያ የተሻለ ሰዓት ለማን ተሰጥቶት ያውቃል?

«ይቅር ብያለሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ፊታቸው ፈካ። እጄን ሳሙ፤ ይህን እጅ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በአራተኛው ቀን አረፉ።

ለቅሶ ቤት እትዬ አየለች አንገቴ ላይ ተጠምጥመው «አንተማ አደራዬን አልበላህም፣ መርጠህላቸው ነበር፤ ዕጣው ነው እንጂ» አሉኝ። አብሬአቸው አለቀስኩ። ዛሬም በሕይወት አሉ። ባገኙኝ ቁጥር ይመርቁኛል፤ እኔም እያጎነበስኩ እቀበላለሁ።

ይቅርታ አድርግልኝ ብዬ አንተን አልለምንህም፤ አንተን አልበደልኩም። ወጣት ነበርኩ፣ ዘመኑ ክፉ ነበር፣ ሳንባቸው አስቀድሞም ተጎድቶ ነበር አልልህም። ለልጄ ነገ ደውዬ ቀጭኑን ግዢ እላታለሁ፤ እንዴት እንዳወቅሁም እነግራታለሁ። ከዚያ እትዬ አየለች ቤት እሄዳለሁ። ምርቃታቸውን ሳይጀምሩ መናገር አለብኝ፤ ከጀመሩ እንደማልናገር ራሴን አውቀዋለሁ።