ጋሼ የሚናገሩበት ሞኒተር

አሮጌ ሞኒተር እጠግናለሁ ስል ሰው እንደ እብድ ያየኛል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤቴ የሚመጡ ጓደኞቼ ወለሉን የሞላውን የድሮ ኮምፒውተር ዕቃ በእግራቸው ገፋ እያደረጉ፣ “ይሄ እኮ ጋርቤጅ ነው፤ ለምን ትሮው አታደርገውም?” ይሉኛል። ደሜ ይፈላል። ሲያረጅ ሁሉ የሚጣል ከሆነ እኛስ የት ልንገባ ነው? ቀን ቀን ክሪስታል ሲቲ አንድ ሕንፃ ፓርኪንግ ውስጥ እሠራለሁ፤ ከመኪና መስኮት ከምትወጣ እጅ በቀር ሰው ሳላይ የምውልበት ጊዜ ብዙ ነው። ማታ የሞተ ስክሪን ሲበራልኝ ታዲያ ሰላም ብዬው የመለሰልኝ ሰው ያገኘሁ ያህል ደስ ይለኛል።

አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ አንዲት እናት ስልኬን ከዘመድ ተቀብለው ደወሉልኝ።

“ልጄ፣ የባለቤቴ ኮምፒውተር ስክሪኑ ጠፋ። እባክህ ድረስልኝ፤ ሰውየው የሚያወራው በሱ ነው” አሉ።

በማግስቱ ሄድኩ። ባለቤታቸውን፣ ጋሼን፣ ስትሮክ መትቷቸው አንደበታቸው ከተዘጋ ቆይቷል፤ ቀኝ እጃቸውም አይታዘዝም። ለመነጋገሪያ ታብሌት ቢሰጣቸው በግራ እጃቸው ገፉት። አንድ ቀን ግን ጥግ ላይ ወደተቀመጠችው፣ በወጣትነታቸው ፕሮግራም መጻፍ ወደተማሩባት ትንሽ ኮምፒውተር በአገጫቸው ጠቆሙ። ሚስታቸው እትዬ ዊልቸራቸውን አስጠጉላቸው። ጋሼ በግራ እጃቸው አብርተው፣ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ “ሽሮ አማረኝ” ብለው ጻፉ። እትዬ ይህን ሲነግሩኝ ሳቁም አለቀሱም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ የሚነጋገሩት በዚያ ሞኒተር ነበር።

ሞኒተሩ ጋ ስደርስ ዳንቴል ለብሷል። እናቶቻችን ስክሪን ያለ ዳንቴል ራቁቱን የቆመ ይመስላቸዋል። ይህኛውን እትዬ ጋሼን ሆስፒታል ሲያስታምሙ በኪሮሽ የሠሩት ነው፤ ወፍራም፣ ነጭ፣ ከኋላ እስከ ጠረጴዛው የወረደ። ሲበራ ከፊት ብቻ ይገልጡታል እንጂ አያወርዱትም። ሳነሳው የተቃጠለ አቧራ ሸተተኝ። የጀርባው ፕላስቲክ እንደ ቆሎ ጠቁሯል።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። እትዬ ግን ጋሼን ከአልጋ አንስተው ዊልቸሩ ላይ ገና ማስቀመጣቸው ነበር፤ ወገባቸውን ይዘው ቀና ለማለት ሲታገሉ አየሁና ቁጣዬን ተውኩት።

“ምን ነክቶት ነው?” አሉኝ።

“ታፍኖ ነው፣ እትዬ። እነዚህ ቀዳዳዎች ሙቀት የሚወጣባቸው ናቸው።”

ዳንቴሉን ተቀብለውኝ አጣጠፉት፤ ደግመው አጣጠፉት።

“እኔ ነኛ! አቧራ እንዳይገባበት ብዬ...”

“ዕድሜውም አለበት” አልኩ። እውነት ነበር፤ እሳቸውን ግን አላጽናናም።

ለጊዜው ይሁን ብዬ ጠፍጣፋ ስክሪን በመቀየሪያ አገናኘሁ። ፊደሎቹ እየተንቀጠቀጡ ተደበላለቁ፤ ጋሼ አይናቸውን ጨፈኑ። ስለዚህ ሞኒተሩን ተሸክሜ፣ በቤልትዌይ አውራ ጎዳና ትራፊክ እየተራገምኩ፣ ወደ ቤቴ ወሰድኩት።

እንዲህ ያለ ሞኒተር ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ሰው የሚያንዘፈዝፍ ኤሌክትሪክ ያቆራል። መጀመሪያ ያንን አፈሳለሁ፤ ከዚያም አንድ እጄን ኪሴ ከትቼ በሌላው ብቻ እነካካለሁ፤ ከረንት ቢይዘኝ ከእጅ ወደ እጅ በልቤ በኩል እንዳያልፍ። ሁሌም የማደርገው ነው። ያን ጊዜ ግን ባንድ እጅ ቡሎን መፍታት አቅቶኝ ስበሳጭ ጋሼ ትዝ አሉኝና አፈርኩ።

ለስክሪኑ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው የሽቦ ጥቅል ተቃጥሏል። ኢንተርኔት ላይ እሱን የመሰለ ባየሁ ቁጥር ወይ ተሽጧል ወይ ተሰብሯል፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ። እትዬ በየቀኑ ይደውላሉ። “ውሃ ስሰጠው ያለቅሳል። አሞት ይሁን፣ ከፍቶት ይሁን አላውቅም። እባክህ ልጄ፣ የሚለውን ልስማ” ይሉኛል። ስልኩን ስዘጋ ተመልሼ ፍለጋዬን እቀጥላለሁ።

በመጨረሻ ቤልትስቪል ያለ አንድ ሰው ጋራዥ ውስጥ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ሞኒተር ተገኘ። ጥቅሉ ደህና ነበር። አውጥቼ በየድኩት፤ የደረቁትን ካፓሲተሮችም ቀየርኩ፤ በራ። ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ ወሰድኩላቸው። ዳንቴሉ ጠረጴዛው ላይ የለም። ሞኒተሩ ሲሞቅ ጊዜ ወሰደ፤ ከዚያ አረንጓዴው መስመር ብልጭ አለ። ጋሼ አዩትና ግራ እጃቸውን ወደ ኪቦርዱ ዘረጉ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው በጋሼ ትከሻ ላይ ጎንበስ አሉ።

ጋሼ ፊደል በፊደል እየፈለጉ መጻፍ ጀመሩ። እትዬ እንደ ተማሪ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ።

“ደ...ከ...መሽ። ደከመሽ! ኧረ አልደከመኝም፣ የኔ ጌታ! ማን ደከመኝ አለህ?” ብለው የጋሼን ራስ ሳሙ።

ጋሼ ቀና አላሉም። ሁለተኛውን መስመር ቀጠሉ። እትዬ ማንበብ ጀምረው መሃል ላይ መነጽራቸውን አወለቁ። ከኋላቸው ሆኜ አነበብኩት፦ “ነርሲንግ ሆም አስገቢኝ።”

የምገባበት ጠፋኝ። ያን ሁሉ የለፋሁት፣ መጦሪያ ቤት አስገቢኝ እንዲሉ ነበር? እትዬ እጃቸውን ዘረጉና፣ ሞኒተሩ የሚጠፋበትን፣ ቅድም ያሳየኋቸውን ቁልፍ ተጫኑ። ስክሪኑ ጨለመ።

“እራት እሠራለሁ። አንተም በልተህ ነው የምትሄደው” ብለውኝ ወገባቸውን ይዘው ወደ ኪችን ገቡ።

የጠፋው ሞኒተሩ ነው እንጂ ኮምፒውተሩ አልነበረም። ጋሼ ጨለማውን እያዩ በግራ እጃቸው መጻፋቸውን ቀጠሉ።